ግራጫ ሁሉ አንድ አይደለም
ስለ ድሮ ሌጎ፣ ማለትም ስለሚገጣጠሙት የፕላስቲክ መጫወቻዎች፣ እዚህ ከተሰጡት ምክሮች መካከል «ከድሮው የሌጎ ግንብ የጎደለውን ግራጫ ቁራጭ በአዲስ ተኩት፣ ማንም አይለየውም» የሚለው ላይ ግን አልስማማም፣ ኧረ በደንብ ይለያል! ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ግራጫውን ቀይሮታል። የድሮው ሞቅ ያለ ነው፣ አዲሱ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የንጉሡ ግንብ፣ የሌጎ ስብስብ ቁጥር 6080 ማለቴ ነው፣ ግድግዳው መሀል አንድ አዲስ ቁራጭ ሰክታችሁ መስኮት አጠገብ እዩት፣ እንደ ተጣፈ ሱሪ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ቡኒውም ያኔ አብሮ ስለተቀየረ በሮቹንና የእንጨት ክፍሎቹን ስትሞሉም ተጠንቀቁ። ጥቁር ከሆነ ግን ችግር የለም። የ1978ቱ (እ.ኤ.አ.) ቢጫ ግንብ፣ ቁጥር 375፣ ያላችሁም በቀለም በኩል ቀሎላችኋል። እሱ ላይ ፈረሶቹ ራሳቸው ከተራ ቁራጮች የሚገጣጠሙ ናቸው፣ እኔ በበኩሌ ከኋላ ከመጡት ይልቅ እነሱን እወዳቸዋለሁ። ስለ ማጽዳት ደግሞ ከላይ «የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ እንደ አዲስ ይሆናል» ያልከው ወንድሜ፣ እባክህ ሰው አታሳስት። ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ ሰክተህ አይይዝልህም። ድርጅቱ ራሱ ከ40 ዲግሪ አይብለጥ ነው የሚለው፣ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል። ፀሐይ ቢጫ ያደረገውን ነጭ ወይም ግራጫ ቁራጭ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ (የሚያነጣ ፈሳሽ ነው) ውስጥ ነክሮ ብርሃን ላይ ማቆየት ይሠራል፣ ግን ቢጫነቱ ቆይቶ ሊመለስ ይችላል። ስቲከር ያለበትን ደግሞ ጭራሽ አትንከሩት፣ ስቲከሩ ከተላጠ ቁራጩን ከማግኘት ይልቅ እሱን ማግኘት ነው የሚከብደው።