እርማት፦ ሲኖትራኩ ባጃጁን «በበለጠ ኃይል» አይመታውም

ወንድሜ፣ «ሲኖው ከባድ ስለሆነ ባጃጁን በብዙ ኃይል ይመታዋል፣ ባጃጁ ግን በትንሽ» ብለሃል። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ብትጠይቅም ያገኘኸው ሁሉ እንደዚያው ይልሃል። ግን ስህተት ነው። በግጭቱ ቅጽበት ሁለቱ የሚገፋፉበት ኃይል እኩል ነው፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ለግዙፍ አያዳላም።

የሚለያየው ውጤቱ ነው። 20,000 ኪሎ የሚመዝን ሲኖ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሰከንድ 10 ሜትር (በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው) ሲወርድ፣ ከነሾፌሩ 400 ኪሎ የሆነ የቆመ ባጃጅ ገጨ እንበል። ፍሬኑን ለጊዜው እርሳው። ተጣብቀው ከሄዱ፣ 200,000 የነበረው ጠቅላላ ሞመንተም (ክብደት በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው) ሳይቀነስ ለ20,400 ኪሎ ይካፈላል፤ ፍጥነታቸው በሰከንድ 9.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሲኖው የቀነሰው በሰከንድ 0.196 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሾፌሩ ነገሬም ላይለው ይችላል። ባጃጁ ግን ከዜሮ ተነስቶ በዓይን ጥቅሻ 9.8 ገባ! የሚያደቅቀው ይሄ ነው። በየክብደታቸው አባዛውና እየው፦ አንዱ ያጣው፣ ሌላው ያገኘው፣ ሁለቱም 3,920 አካባቢ።

«ቆርቆሮው ሲጨማደድ ሞመንተም ይጠፋል» ያልከውም አያስኬድም። የቀነሰው የእንቅስቃሴ ጉልበት ነው፤ በዚህ ምሳሌ 19,600 ጁል ያህሉ ብረት በማጣመምና በሙቀት ያልቃል።

ካላመንከኝ ሁለት ባለ ስፕሪንግ ሚዛን አቆላልፍና አንዱን አንተ፣ ሌላውን ታናሽ ወንድምህ ይዛችሁ ተጓተቱ። ሁለቱም የሚያነቡት አንድ ቁጥር ነው።