«ታውቃላችሁ ግን?»

ወሬው ደርቶ ሁሉም ጆሮውን ሰጥቶ ሳለ አንዱ ጣቱን ይቀስርና «ታውቃላችሁ ግን? ማር ሺህ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም!» ይላል። ስለ ወገብ ሕመም ይወራ ስለ ልጅ ትምህርት፣ ደንታ የለውም። ማሩን ጣል አድርጎ አፍ እስኪከፈትለት ይጠብቃል። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» የምትለውን ተረት እወዳታለሁ፤ ይሄ ሰውዬ ሌላው ገብስ ሲሰፍር ማር የሚናገር ነው።

የሚያበግነው ደግሞ ጥያቄው ላይ ያለቦታዋ የሰነቀራት «ግን» መረጃው ላይ ስትፈለግ አለመገኘቷ ነው። ማር አይበላሽም፤ ግን ክዳኑ ከተገጠመ! ውሃው ከመቶ 18 እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነና አሲድነትም ስላለው ነው ተህዋስያን የማይራቡበት። ክፍቱን ከተተወ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ውሃው 20 እጅን ሲያልፍ እርሾ ይነሳበታል፣ ያረፋል፣ ይኮመጥጣል። አድማጩ ይህን የሚማረው የተወውን ማሰሮ ሲያሸት ነው።

ከቻይና ግንብ ጋር ደግሞ የቆየ ቂም አለኝ። «ከጨረቃ ላይ በዓይን የሚታይ ብቸኛው የሰው እጅ ሥራ!» ሰው ጨረቃን የረገጠው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ወሬው ግን ከዚያ በፊት አሥርት ዓመታትን አስቆጥሯል። ማን ወጥቶ አይቶ ነገራቸው? ግንቡ ርዝመት አላነሰውም፤ ዓይን የሚያጣው በስፋቱ ነው። ስፋቱን 10 ሜትር እንኳ ብናደርግለት፣ ከ384,000 ኪሎ ሜትር ላይ እሱን ማየት አንዲት የራስ ፀጉርን በ3 ኪሎ ሜትር ርቀት እንደማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቻይናዊው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌ ምድርን ዞሮ ሲመለስ፣ ያውም ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ አላየሁትም አለ። የአገሩ ሰው እኮ ነው! እነሱ ግን ዛሬም ያዩታል።

ናፖሊዮንንም ድንክ አድርገውታል። 5 ጫማ ከ2 ኢንች የተባለው በፈረንሳይ ኢንች ነው፤ የፈረንሳዩ 2.71 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የእንግሊዙ 2.54 ነው። 62 ኢንቹን ያባዛ ሰው 168 ሴንቲ ሜትር ያገኛል፤ ለዘመኑ ደህና ቁመት። ማባዛት ግን ማን ይወዳል?

ሰጎንስ ምን በደለች? አሸዋ ውስጥ ጭንቅላቷን ብትቀብር በምን ትተነፍሳለች? እንቁላሏ ያለው መሬት ላይ በተጫረ ጉድጓድ ውስጥ ነውና፣ በመንቁሯ ልታገላብጠው ጎንበስ ስትል ከሩቅ ራስ የሌላት ትመስላለች። ስብሰባ ላይ «እንደ ሰጎን» እያለ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሁሉ እንቁላሏን የምታገላብጥ እናት እየሰደበ ነው።

ምን ላይ ነበርን? አዎ፣ ጣት ቀሳሪው። እሱ ኦክቶፐስ ላይ ደርሷል፤ «ሦስት ልብ አለው!» ይሄኛው እንኳ ልክ ነው። ሁለቱ ደም ወደ መተንፈሻው፣ ሦስተኛው ወደ ቀረው ገላው ይረጫሉ። ያ ሦስተኛው ደግሞ እንስሳው ሲዋኝ ቀጥ ይላል፤ ቶሎ የሚደክመውም፣ ከመዋኘት መዳህን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። እዚች ላይ ቢቆይ ማን ይጠላዋል? እሱ ግን ጣቱን እንደቀሰረ፣ «ታውቃላችሁ ግን? ሙዝ…»