ድግምትን በዘርፍ መከፋፈል፦ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «በምናባዊ የሚና ጨዋታዎች (ተጫዋቾች የገጸ ባሕርያትን ሚና ይዘው በአንድ መሪ እየተመሩ ታሪክ በሚሠሩባቸው ጨዋታዎች) ድግምቶችን በዘርፍ መከፋፈል ጨዋታውን ያበለጽገዋል።» መነሻው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የሚና ጨዋታ የሚጠቀምባቸው ስምንት ዘርፎች ናቸው፤ እነርሱም መከላከል፣ መጥራት፣ ምሥጢር መግለጥ፣ አፍዝ አደንግዝ፣ ኃይል ማፍለቅ፣ ምትሃት፣ ሙታን ሳቢነትና መለወጥ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ደጋፊ

ጨዋታው በ1974 ሲወጣ ድግምቶቹ የተደረደሩት በደረጃ ብቻ ነበር። በ1978 የታተመው የተጫዋቾች መመሪያ በእያንዳንዱ ድግምት ስም አጠገብ ዘርፉን መጻፍ ጀመረ፤ ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ከዘርፎቹ ባለሙያዎች መካከል የራሱ ሙያና የራሱ የድግምት ዝርዝር የነበረው ምትሃተኛው ብቻ ነበር። በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም ግን ለስምንቱም ዘርፎች ባለሙያ አስማተኛ ፈቀደ፤ ባለሙያውም በመረጠው ዘርፍ ብልጫ ሲያገኝ በምትኩ ተቃራኒ የተባሉትን ዘርፎች ድግምት ጨርሶ እንዲተው ተገደደ። እኔ የምከራከረው ለዚህ መተው ነው። ሁሉንም የሚችል አስማተኛ ከሌላው አስማተኛ የሚለይበት ነገር የለውም፤ አንድን ነገር የተወ አስማተኛ ግን ታሪክ አለው፤ ምክንያቱም ለምን እንደተወው የሚጠይቀው ሰው ይኖራል።

ዘርፍ በጨዋታው ዓለም ውስጥም የሚታይ ነገር ነው። እኔ በመራሁት አንድ ጨዋታ ተጫዋቾቹ በመተላለፊያ መጨረሻ ከድንጋይ ግድግዳ ፊት ቆሙ። አስማት የሚለየውን ድግምት ሲደግሙ፣ መመሪያው እንደሚያዘው ዘርፉን ነገርኳቸው፤ «ምትሃት» አልኩና ዝም አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ በትሯን ወደ ድንጋዩ ዘረጋች፤ በትሩም እስከ እጀታው ድረስ ግድግዳው ውስጥ ገባ። መልሴ «መከላከል» ቢሆን ኖሮ ማንም እጁን ባልዘረጋ ነበር። በአንዲት ቃል ይህን ያህል ፍንጭ የሚሰጥ ሌላ ሥርዓት አላውቅም።

ተቃዋሚ

እኅቴ የነገሩን ግድግዳ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያ ፍንጭ የሚሠራው ዘርፉ እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው። እስቲ ቁስል የሚፈውሰውን ድግምት እንከተለው። በ1978 ሙታን ሳቢነት ውስጥ ነበር። በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ወደ መጥራት ተዛወረ። በ2014 ኃይል ማፍለቅ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ መከላከል ተባለ። ድግምቱ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የሚሠራው ያንኑ ነው፤ እጅ ቁስል ላይ ያርፋል፣ ቁስሉም ይሽራል። አራት ቤት የቀያየረ ነገር የትኛው ቤት የእርሱ እንደሆነ ሊነግረኝ የሚችል ካለ ልስማ።

ሥሩ ያለው የመከፋፈያው መለኪያ አንድ ባለመሆኑ ላይ ነው። ኃይል ማፍለቅ የተለየው ድግምቱ በሚሠራበት መንገድ ነው፤ አፍዝ አደንግዝ በሚነካው ነገር ማለትም በአእምሮ ነው፤ ሙታን ሳቢነት በጉዳዩ ማለትም በሞትና በሕይወት ነው፤ መከላከል ደግሞ በዓላማው ነው። ከብቶችን ከፊሉን በቀለም፣ ከፊሉን በዕድሜ፣ ከፊሉን በባለቤት የሚለይ እረኛ አንዱን ላም ሦስት ቦታ ቢያገኛት ሊደነቅ አይገባውም።

ይህ በተጫዋቹ ላይ የሚያደርሰውን ላሳይ። በ2014ቱ እትም የበረዶ አስማተኛ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። የውርጭ ጨረርና የብርድ ሾጣጣ ኃይል ማፍለቅ ሆነው ተገኙ፤ የበረዶ ቢላዋና የበረዶ ውሽንፍር ግን መጥራት ናቸው። በዚያ እትም አስማተኛው አንድ ድግምት ወደ ድግምት መጽሐፉ ለመገልበጥ በየደረጃው 50 የጨዋታው ወርቅ ይከፍላል፤ በራስ ዘርፍ ሲሆን ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የኃይል ማፍለቅ ባለሙያው አስማተኛዬ 5ኛ ደረጃ የሆነውን የብርድ ሾጣጣ በ125 ወርቅ ሲገለብጥ፣ 3ኛ ደረጃ ለሆነው ውሽንፍር 150 ወርቅ ከፈለ። ትንሹ ከትልቁ በለጠ፤ ሁለቱም በረዶ ናቸው።

ደጋፊ

ስለ ፈውሱ የተናገሩት እውነት ነው፤ አልክድም። እንዲያውም የሚያሳዝነኝ ከመጀመሪያው ቤቱ መውጣቱ ነው። ሙታን ሳቢነት በሕይወት ኃይል ላይ የሚሠራ ዘርፍ ከሆነ፣ ሕይወትን የሚነጥቅና ሕይወትን የሚመልስ እጅ አንድ እጅ ነው፤ ቁስል የምትፈውስ ሙታን ሳቢ በገጸ ባሕርይነት ምን ያህል ጥልቅ ልትሆን እንደምትችል ያስቡት። ስለዚህ ጥፋቱ የአዘዋዋሪዎቹ እንጂ የመከፋፈል አይደለም። መለኪያውን አንድ ማድረግም ይቻላል። በ1987 የወጣው አርስ ማጂካ የተባለ ሌላ የሚና ጨዋታ አምስት ጥበቦችን (መፍጠር፣ ማወቅ፣ መለወጥ፣ ማጥፋት፣ መግዛት) እሳትን፣ ውኃን፣ አእምሮን፣ ሰውነትንና የመሳሰሉትን ከያዙ ዐሥር መልኮች ጋር ያጣምራል፤ ሃምሳ ጥምረት ይወጣዋል። በዚያ ሥርዓት ፈውስ ማለት ሰውነትን መፍጠር ነው።

ተቃዋሚ

እኅቴ፣ እኔ የምለውን ነው የተናገሩት። አርስ ማጂካ የተሳካለት ስምንቱን ዓይነት ዘርፍ ስለተወ ነው፤ አንዱ ቃል ድርጊቱን፣ ሌላው ቃል የሚደረግበትን ነገር ይናገራል፤ ሁለቱ አይደባለቁም። የእኔም ጥያቄ ከዚህ አይርቅም፤ በእያንዳንዱ ድግምት ላይ እሳት፣ ብርድ፣ አእምሮ፣ ሞት፣ ምስል እየተባለ የሚገባው መለያ ሁሉ ይጻፍበት። ፓዝፋይንደር የተባለው ተመሳሳይ ጨዋታ በ2023 በታደሰው እትሙ ስምንቱን ዘርፎች አስወግዶ መለያዎቹን ይዞ ቀጥሏል፤ ጨዋታውም አልፈረሰም።

ዘርፉ በግድ ሲጠበቅ ደግሞ መሸሸጊያ ይሆናል። በሦስተኛው እትም የኃይል ማፍለቅ ድግምቶች አብዛኞቹ አስማትን የሚቋቋም ፍጡር ሊመልሳቸው የሚችል ነበሩ። በ2004 በታተመ ተጨማሪ መጽሐፍ ግን የእሳትና የብርድ እንክብሎች የተባሉት ድግምቶች በመጥራት ዘርፍ ተጻፉና ያንን መቋቋም እንዳለ አለፉት። ያው እሳት፣ ስሙ ስለተቀየረ ብቻ፣ የማይመለስ እሳት ሆነ።

ደጋፊ

እንክብሎቹን በተመለከተ ተረትቻለሁ፤ ያ ስሕተት ነበር፤ እኔም በምመራው ጨዋታ አልፈቅዳቸውም። በመለያዎቹ ግን አልስማማም። መለያ ድግምትን ይገልጻል እንጂ ሰውን አይሠራም። «ምትሃተኛ ነኝ» የሚል ተጫዋች ለራሱ ጠባይ፣ ለመምህሩ ስም፣ ለጠላቱም ምክንያት ያገኛል። «ምስል የሚል መለያ ያላቸው ዐሥራ አንድ ድግምቶች አሉኝ» የሚለው ምን ያገኛል? እኔ የምስማማበት ማሻሻያ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ዘርፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይተርጎም፤ እያንዳንዱ ድግምት በዚያ ዓረፍተ ነገር ይፈተን፤ ያላለፈው ይዛወር፤ ከዚያ በኋላ ግን አይነካ።

ተቃዋሚ

ሁለቱን ዓረፍተ ነገር የሚያልፈውስ? የበረዶ ውሽንፍሩ ከሌላ ቦታ የተጠራም የፈለቀም ነው ብዬ ብከራከር የትኛው ዳኛ ይረታኛል? በሁለቱም ሥር ይጻፍልኝ ካልኩና ከተፈቀደልኝ፣ ባለሙያውም ከሁለቱ በአንዱ ግማሽ ዋጋውን ከከፈለ፣ ተቃውሞዬን አነሣለሁ።

ደጋፊ

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1989ኙ እትም በሁለት ዘርፍ የተመዘገቡ ድግምቶች ነበሩ፤ ኅብረ ቀለማዊው እንክብል መከላከልም መጥራትም ተብሎ ነበር የተጻፈው። በሁለቱም ሥር ይጻፍልዎ፤ በ75 ወርቅም ይገልብጡት።