ምስጋና ለቀዩ ቀስት

ጎንደር በየሌሊቱ ስንት መርማሪ እንደምታሰማራ ኢንተርፖል ቢሰማ ደመወዝ ይቆርጥልን ነበር። ከቸቸላ እስከ አዘዞ፣ መብራት ካለ ዩቲዩብ አለ። ዩቲዩብ ካለ ደግሞ ያ ያልተፈቱ ምሥጢሮችን የሚተርክ ድምፀ ጎርናና ተራኪ አይጠፋም። «ይህን ቪዲዮ ብቻዎን እንዳያዩ!» ይላል። እኛም ጨዋ ልጆች ነን፤ ለስድስት ሆነን በአንድ ስልክ እናያለን።

የግቢያችን ዋና መርማሪ አከራዬ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር ያስደግፉታል፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ፣ ሁለተኛው ቡና ገንፍሎ ከሰሉን እስኪያጠፋው ድረስ ዓይናቸውን አይነቅሉም። እ.ኤ.አ. በ1987 ቺካጎ ውስጥ ጭንብል ያጠለቀ ሰው የሁለት ቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ስርጭት በአንድ ምሽት ጠልፎ መግባቱን፣ ማንነቱም እስከ ዛሬ አለመታወቁን ከእሳቸው ነው የተማርኩት። የገዛ ቆጣሪያቸው ለምን እንደሚሮጥ ግን መርምረው አያውቁም። እሱ ሙዚቃ የለውማ።

ከሁሉ የማደንቅልን መልስ አለመውደዳችንን ነው። «ዌብድራይቨር ቶርሶ» የሚባል ቻናል ነበር። ቀይና ሰማያዊ አራት ማዕዘኖች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፣ አንድ ነገር ጢጥ ጢጥ ይላል፣ በ11 ሴኮንድ ያልቃል። እንዲህ ያለ ቪዲዮ በአሥር ሺዎች እየተቆጠረ ተጫነ። ሰላዮች ናቸው ተባለ፤ ከሌላ ዓለም የመጣ መልእክት ነው ተባለ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2014 ጉግል የራሱ እንደሆነ፣ የዩቲዩብን የቪዲዮ ጥራት እንደሚፈትሽበት አመነ። ሌላው ዓለም «አሃ» ብሎ ተኛ። የኛ ግቢ ግን በዋዛ የሚሸነገል አይደለም። «ታዲያ ሰላይ ነኝ ይበል እንዴ?» አለ የእትዬ ልጅ። መዝገቡ እንደገና ተከፈተ። የሰምና ወርቅ አገር ሰዎች ነን፤ ሰም ብቻ ነው ሲሉን ደስ አይለንም።

እንግዲህ እኛ ያደግነው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥር ነው። መላእክቱ ተደርድረው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል ያዩናል። አንድም ቀን ፈርተን አናውቅም። አራት ማዕዘን ግን እንቅልፍ ነሳን። (እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ሰሞን ሽንት ቤት የምሄደው ባትሪ ይዤ፣ እየዘመርኩ ነበር።)

ምርመራው አገር ውስጥም ገብቷል። ባለፈው አንዱ የፋሲል ግንብን በማታ ቀርጾ ለቀቀ። መስኮት፣ መስኮቱ ላይ ብርሃን፣ ብርሃኑ ላይ ቀይ ክብ፣ ክቡ ላይ ቀይ ቀስት። ቀስቱ ባይሸፍነው ኖሮ ባትሪ ይዞ የሚዞረውን ጥበቃ እናየው ነበር። ጥበቃው ራሱ ቪዲዮውን ካየ ወዲህ ማታ ብቻዬን አልገባም ብሏል አሉ።

በቀደም ደግሞ ተራው የኛ ሆነ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከግቢው ጥግ «ጉርርር… ክሕ… ጉርርር» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ አማተቡ። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ። ወጥቶ ያየ የለም። ልጁ ብቻ፣ ጀግና ነውና፣ ስልኩን በመስኮት አሾልኮ ድምፁን ያዘ።

ማለዳ ላይ ጎረቤታችን ሙሉ ጀሪካን እየጎተቱ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ውኃዋ በሦስት ሳምንቷ ሌሊት መጥታ ሄደች እኮ! ቀዳችሁ?»

«አዎ» አለ ልጁ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ «አራት ደቂቃ ቀድተናል።»