ማስተካከያ፦ የቫን ጎ ሙዚየም ትኬት በር ላይ አይሸጥም

አምስተርዳም ላለው የሠዓሊው የቫን ጎ ሙዚየም «ትኬት በር ላይ ይገኛል» ተብሎ የተጻፈው ይታረም። አይገኝም። የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ ቀኑንና የመግቢያ ሰዓቱን መርጣችሁ ትቆርጣላችሁ። 09:00 የሚለው ታዲያ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ የሚሸወድ አይጠፋም። ከ18 ዓመት በታች ነፃ ነው መባሉ ልክ ነው። ግን ለልጆቹም ትኬት መያዝ ግድ ነው።

ሌላው፣ «በከዋክብት የደመቀው ሌሊት» የተባለው የቫን ጎ ሥዕል እዚያ የለም። ያለው ኒው ዮርክ፣ ሞማ በሚባለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው። አምስተርዳም የምታገኙት እ.ኤ.አ. በ1885 የሳለውን «ድንች በሊታዎቹ»ን ነው። ጨለም ያለ ሥዕል ነው፤ አምስት ሰው በአንድ ኩራዝ። ጠጋ ብላችሁ ከድንቹ የሚወጣውን እንፋሎትና ቡና የምትቀዳዋን ሴት እዩ። ለእኔ ከታወቁት የሱፍ አበባ ሥዕሎቹ ይበልጣል።