ክላክሱን ተዉት፣ ማሳውን (የኔጌቲቩን መስመር) ፈልጉ!

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ለምትሠሩ ወንድሞቼ ነው። ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ብሶት ስለሆነ ቢረዝምም ታገሱኝ።

የምነዳው ቮልስ ነው። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ መጨረሻ ሞዴል፣ ባለ 12 ቮልት፣ ከአባቴ የወረስኳት። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ቀስ ብላ ትወጣዋለች። ያስመረረኝ ክላክሷ ነው። ቆማ ሲነካ ይጮሃል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ይጮሃል። መሪ ሲዞር ግን ጭጭ ይላል።

"ክላክስ ምን ያደርግልሃል፣ ዝም ብለህ ንዳ" ያለኝ ሰው አለ። ይሄ ሰው ክረምት ላይ ከደሴ ኮምቦልቻ በጉም ወርዶ አያውቅም ማለት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት የምንወርደው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ያውም እየተጠማዘዝን። ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲተኛ የፊት መኪና መብራት እንኳ በግድ ነው የሚታየው። ከኩርባው ወዲያ የሚመጣው የተጫነ ከባድ መኪና ይሁን፣ በጎቹን ወደ ገበያ የሚነዳ ገበሬ ይሁን አይታወቅም። እዚያ ቦታ "አለሁ፣ መጣሁ" የምልበት ክላክስ ብቻ ነው። የኔ ክላክስ ደግሞ የሚከዳኝ ልክ እዚያው፣ መሪ ሳዞር።

ምልክቱን ለሄድኩበት ኤሌክትሪሽያን ሁሉ ተናግሬያለሁ። "ቀጥ ሲል ይሠራል፣ ሲታጠፍ ይጠፋል" ብዬ። በሽተኛው ራሱ የሚያመውን ቦታ በጣቱ እያሳየ ነው! ግን አንዱም መሪውን ግራና ቀኝ አዙሮ አልሞከረም።

የመጀመሪያው "አብሽር ጋሼ፣ ክላክሱ አልቋል" አለኝ። ቴስተር አላነሳም፣ ፊውዝ አላየም። የጀርመኑን ኦርጅናል ቦሽ ክላክስ ፈትቶ ርካሽ አዲስ ገጠመ። ጋራዡ በር ላይ ሲነካው ጮኸ። መሪዋ ቀጥ ብሎ ቆማ ነዋ፣ ለምን አይጮህ! ከፍዬ ወጣሁ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጠፋ። አሮጌውን ይዤው መምጣቴ በጀኝ። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ያመረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እንዲህ ያለ ኦርጅናል ዕቃ አንዴ ከእጅ ከወጣ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ድረስ ማፈላለግ ነው። ደህና ዕቃ እየነቀሉ "አልቋል" ማለት ለባለመኪናው ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ኤሌክትሪሽያን፣ መሪው ላይ ያለውን የክላክስ መጫኛ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳው። እሱስ ቢያንስ አንድ ነገር አስቧል። ግን እዚያው አቆመ።

ያቃጠለኝ ሦስተኛው ነው። "ጋሼ፣ ዳይሬክት ልስጥዎት" አለኝና ለአፍታ ሻይ ልጠጣ ዞር ስል ዳሽቦርዱን በሳልኝ! ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ቀለሙ ያልተነካ ብረት። ቀዳዳው ላይ የቤት ደወል መጥሪያ ገጠመበት፤ ግቢ በር ላይ ያለችውን ነጯን። ከዚያ ገመዱን በቀጥታ ከባትሪ አመጣው። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ስር ነው። ስለዚህ ገመዱ በምንጣፍ ስር መኪናውን ሙሉ አቋርጦ ፊት ይደርሳል፤ ፊውዝ የሚባል ነገር የለውም። ያ ገመድ በእግር እየተረገጠ፣ ብረት ላይ እየታሸ አንድ ቀን ቢላጥና ቦዲ ቢነካ የባትሪው ኃይል በሙሉ በሱ ላይ ነው የሚወርደው። ምንጣፍ አለ፣ ወንበር አለ፣ ከፊት ደግሞ የቤንዚን ታንከር አለ። ይሄ ጥገና ሳይሆን እሳት መትከል ነው። ደግሞስ ሐረጎ ኩርባ ላይ ሁለት እጅ መሪ ላይ መሆን ሲገባው አንዱን እጄን አንስቼ ደወል ልፈልግ? እዚያው አስነቀልኩት። ቀዳዳውን ግን ማን ይመልስልኛል?

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የቮልስ ክላክስ ፖዘቲቩ ቁልፍ ሲከፈት በፊውዝ በኩል ክላክሱ ጋ ደርሶ ይጠብቃል። መሪው ላይ ያለው መጫኛ ሲነካ የሚያገናኘው ማሳውን፣ ማለትም ወደ መኪናው ብረት የሚሄደውን የኔጌቲቭ መስመር ነው። ማሳው ደግሞ በመሪው ዘንግ በኩል ነው የሚሄደው። ታች፣ ዘንጉ ከመሪው ማርሽ ሳጥን ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ንዝረት የሚይዝ የጎማ መገጣጠሚያ አለ። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ጎማውን የምታሻግር አንዲት አጭር ሽቦ አለች። መሪ በዞረ ቁጥር አብራ ትዞራለች፣ ትታጠፋለች፤ ከዓመታት በኋላ ትበጠሳለች። ቀጥ ስትል ጫፍና ጫፏ ይነካካል፣ ክላክሱ ይጮሃል። ስትዞር ይለያያል፣ ይጠፋል።

ፍተሻው ደግሞ ቀላል ነው። ቁልፉን ክፈቱ። ክላክሱ በግራ የፊት ፓራፋንጎ ስር ነው። ወደ መሪ የሚሄደውን ቡናማ ገመድ ንቀሉና ገመዱ የተነቀለበትን የክላክሱን ጫፍ በቁራጭ ሽቦ ከቦዲ ጋር አገናኙት። ከጮኸ ክላክሱም ፊውዙም ደህና ናቸው፤ ማሳውን ተከተሉ። ካልጮኸ ፖዘቲቭ መድረሱን በቴስተር እዩ። ፖዘቲቭ ደርሶ ዝም ካለ ነው ክላክሱ የሚጠረጠረው። ያኔም ከመጣል በፊት ማስተካከያ ብሎኑን ትንሽ ማዞር ይቀድማል። ክላክሱ ያለበት ቦታ ጭቃና ውሃ የሚረጭበት ስለሆነ የገመዶቹን ጫፍም ማጽዳት ነው።

ይህን ያሳዩኝ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ልጃቸው መሪውን እያዞረ፣ እሳቸው ከስር ተኝተው በባትሪ መብራት አዩት። "ና ግባ፣ ራስህ እይ" አሉኝ። ሽቦዋ አረንጓዴ ዝገት በልቷት፣ ሁለት ሦስት የመዳብ ክር ብቻ ቀርቷት ትንጠለጠላለች። መሪው ሲዞር ጫፍና ጫፏ ሲለያይ በዓይኔ አየሁ። ቁራጭ ለስላሳ ሽቦ ቆርጠው፣ ጫፎቿን አስረው፣ መታጠፊያ እንዲኖራት ትንሽ ልል አድርገው ገጠሟት። የጀርመኑን ክላክስ መለሱት። መሪውን ከዳር እዳር እያዞርን ነካነው። አልተቋረጠም።

እኔን ያናደደኝ አለማወቅ አይደለም። ቮልስ የአሁኑ ልጆች በየቀኑ የሚያገኙት መኪና አይደለም፣ ይገባኛል። የሚያናድደኝ ባለመኪናው የሚለውን አለመስማት፣ ሳይፈትሹ መቀየር፣ ሲያቅት ደግሞ ፊውዝ ዘሎ "ዳይሬክት" መስጠት ነው። ይሄ በኔ መኪና ብቻ አይደለም፤ በታክሲውም በጭነት መኪናውም የሚሠራ ሥራ ነው።

ደሴ ውስጥ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ቴስተር የሚያነሳ ኤሌክትሪሽያን የምታውቁ ስሙን ሳይሆን ሠፈሩን ንገሩኝ፣ ሄጄ አገኘዋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ የመብራቱን ገመድም ማስፈተሽ አለብኝ።