ካዞርላን ተዉልኝ!

ዛሬ ጠዋት ለሰባተኛ ጊዜ ተላከልኝ። ያው ፎቶ ነው። የስፔናዊው ኳስ ተጫዋች የሳንቲ ካዞርላ ቁርጭምጭሚት፣ ላዩ ላይ ግማሹ የተቆረጠ ንቅሳት። ከስሩ በትልልቅ ፊደል «ዶክተሮች አትራመድም አሉት፤ እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። አንተስ?» ይላል። ከዚያ የእሳት ምልክት፣ የጡንቻ ምልክት፣ የቻናሉ አድራሻ።

እኔማ አልጋ ላይ ነኝ። እግሬ ሁለት ትራስ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ማክሰኞ ከታክሲ ስወርድ ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ገብቼ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ረዳቱ «አይዞህ ወንድሜ» አለኝና በሩን ዘግቶ ሄደ። መልሴንም ይዞት ሄደ፣ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ሐኪሙ ጅማቱ ተጎድቷል፣ ሦስት ሳምንት እንዳትረግጠው ብሎ የሕመም ፈቃድ ጻፈልኝ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ ላክሁ።

የመጣልኝ መልስ ካዞርላ ነው። «እግዜር ይማርህ» እንኳ የለበትም። ካዞርላ ብቻ፣ ከነእሳቱ።

ከዚያ የእህቴ ባል ላከ። ከዚያ የሰፈር ልጆች ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ኳስ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን የማታውቀው አክስቴ እንኳ «ይኼ ፈረንጅ እንዴት ያለ ጠንካራ ነው በማርያም! አንተ ግን ገና በአንድ ወለምታ...» ብላ ድምፅ ላከችልኝ። እሷ ደግሞ ወጌሻ ካላሸህ አትድንም ባይ ናት። (የእኛ ኮሜንታተሮች ሜዳ ውስጥ ሮጦ የሚገባውንም ሰውዬ «ወጌሻ» ይሉት የለ? አክስቴ ይህንን ስነግራት «አየህ፣ እንግሊዞቹም የሚድኑት በወጌሻ ነው» አለች። ተረታሁ።)

ሰዎች፣ እኔ እኮ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ለእኔ ነው ካዞርላን የምታስተዋውቁኝ?

በፈረንጆቹ ሜይ 17 ቀን 2014 የት ነበራችሁ? እኔ ዲኤስቲቪ ቤት፣ በስተኋላ አግዳሚው ላይ፣ የሰው ጉልበት ጎኔን እየወጋኝ ነበርኩ። የኤፍኤ ካፕ ፍፃሜ ነው። ዋንጫ ከነካን 9 ዓመት ሆኖናል። 9 ዓመት! የማንቼ ደጋፊዎች «እናንተ ዋንጫ የምታዩት ሻይ ቤት ነው» የሚሉን ዘመን። ጨዋታው ተጀመረ፣ 8 ደቂቃ ሳይሞላ ሀል ሲቲ 2 ለ 0 መራን። ሀል ሲቲ! ቤቱ ውስጥ ለቅሶ ገባ። ከፊት የተቀመጠው ልጅ ማሊያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ከዚያ 17ኛው ደቂቃ ላይ ቅጣት ምት አገኘን። ከሩቅ ነው። ያ አጭሩ ሰውዬ ኳሷን አስቀመጣት፣ መታት፣ በረኛው ነካ አድርጓትም ገባች። ኮሽየልኒ በኋላ አቻ አደረገ፣ ራምሴ በጭማሪው ሰዓት ጨረሰው፣ 3 ለ 2። ሁሉም ስለ ራምሴ ያወራል፣ ይገባዋልም። ግን ያቺ ቅጣት ምት ባትገባ ኖሮ እኔ በእረፍት ሰዓት ቤቴ ሄጄ ተኝቼ ነበር።

ይህንን የሚያወራ ፖስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ተረከዝ ብቻ ነው። ቁስል ብቻ። ሰውዬው ኳስ ተጫዋች መሆኑ እንኳ የተረሳ ነው የሚመስለው። አንዱ ቻናል ላይማ «ታዋቂው አጥቂ» ተብሏል። አጥቂ!

እሺ፣ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ። ካዞርላ አማካይ ነው። ቁመቱ 1.68 ሜትር ነው። ግራ እግር ይሁን ቀኝ እግር ይሁን እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የነገረኝ ሰው የለም። የማዕዘን ምት ከአንዱ ጎን በግራ ይመታል፣ ከሌላው ጎን በቀኝ። ተከላካይ ሲመጣበት በየትኛው እግሩ እንደሚያልፍ ስለማያውቅ ግራ ይጋባና ዝም ብሎ ይቆማል። ጃንዋሪ 2015 ማንቸስተር ሲቲን ሜዳው ኢትሃድ ድረስ ሄደን 2 ለ 0 ስናሸንፍ እሱን ከኮክላ ጎን ወደ ኋላ ስበውት ነበር። ኮክላ ኳሱን ይነጥቃል፣ ካዞርላ ይወስደዋል፣ ይዞራል፣ ይሄዳል። የመጀመሪያዋን በፍፁም ቅጣት ምት እሱ አገባ። ሁለተኛዋን ዢሩ በጭንቅላቱ ያስቆጠራት ከእሱ ቅጣት ምት ነው። ያን ቀን ጎኔ የነበረው የሲቲ ደጋፊ «ይሄ ልጅ እግሩ ላይ ሙጫ አለ እንዴ?» አለኝ። ማኪያቶ ጋበዝኩት።

ደግሞ ሁልጊዜ ይስቃል። ሲያሸንፍ ይስቃል፣ ተጠልፎ ሲወድቅም ይስቃል።

አሁን ወደ ተረከዙ እንሂድ፣ እናንተ የምትወዱት እሱን ስለሆነ። ነገሩ የተጀመረው ሴፕቴምበር 2013 ስፔን ከቺሊ ጋር ባደረገችው የወዳጅነት ጨዋታ ነው። እዚያ ቁርጭምጭሚቱን ተመታ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ሕመሙን ይዞ ነው የተጫወተው። ኢትሃድ ላይ ያየነው ሁሉ፣ ያ ሳቅ ሁሉ፣ በታመመ እግር ነው። ኦክቶበር 2016 የቡልጋሪያውን ሉዶጎሬትስን 6 ለ 0 ስናሸንፍ ተቀይሮ ወጣ። ያ ለአርሰናል የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ። እኛ ደግሞ 6 ጎል ቆጥረን እየጨፈርን ነበር፤ ማን አስተዋለ?

ከዚያ ኦፕራሲዮን። ቁስሉ አልገጥም አለ። እንደገና ኦፕራሲዮን። ስፌቱ ይከፈታል፣ ያመረቅዛል። ጋንግሪን ሆነ። ባክቴሪያ ከተረከዝ ጅማቱ 8 ሴንቲ ሜትር በላው፣ አጥንቱንም ጎዳው። ከልጅህ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻልክ ተመስገን በል አሉት። እንግሊዝ የነበሩት ሐኪሞች ያልደረሱበትን ቪቶሪያ ከተማ ያለ ሚኬል ሳንቼዝ የሚባል ስፔናዊ ቀዶ ሐኪም ከፍቶ አየው፣ አጸዳው፣ ጅማቱን እንደገና ሰራው። ተረከዙን የሚሸፍን ቆዳ ስላልነበረ ከክንዱ ቆርጠው ለጠፉለት። ክንዱ ላይ የልጁ የኢንዲያ ስም ተነቅሶ ነበር። ስሙ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ ክንዱ ላይ፣ ግማሹ ቁርጭምጭሚቱ ላይ። ከዚያ ሳላማንካ ውስጥ ወራት ሙሉ ማገገሚያ።

እሺ፣ አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ፖስቱ ላይ ሚኬል ሳንቼዝ የት አለ? «ተስፋ አልቆረጠም» ብቻ ነው ያለው። ጅማቱን ተስፋ ነው እንዴ የሰፋው?

ሌላም አለ። ይህቺን በተለይ አለቃዬ እንዲያነባት እፈልጋለሁ። ጃንዋሪ 2017 ላይ፣ ሰውዬው ኦፕራሲዮን ላይ ኦፕራሲዮን እየደረበ፣ መቼ እንደሚመለስ ማንም ሳያውቅ፣ አርሰናል ውሉን በአንድ ዓመት አራዘመለት። የያኔው አሰልጣኛችን ቬንገር! (ስንት ጊዜ «ይውጣልን» ብለን ጮኽንበት። ይቅር በለን ሰውዬ።) ካዞርላ ያን የተጨመረለትን ዓመት አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ደሞዙ ግን ገባ። «አንተስ?» የሚል ፎቶም ማንም አልላከለትም።

እኔ ሦስት ሳምንት ነው የጠየቅሁት። በሐኪም ወረቀት። ከነማህተሙ።

የሚገርማችሁ፣ ይሄ አለቃ ካዞርላን ሲጠቀምብን የመጀመሪያው አይደለም። አምና የደሞዝ ጭማሪ ስንጠይቅ ስብሰባ ጠራና ስልኩን አውጥቶ አነበበልን። ካዞርላ ወደ ልጅነት ክለቡ ኦቪዬዶ ተመልሶ በሁለተኛው ሊግ ትንሹን ደሞዝ ተቀብሎ እንደሚጫወት። «ገንዘብ ሁሉም ነገር አይደለም» አለን። ሁላችንም ወለሉን አየን።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም፣ ስለዚህ እዚህ እናገራለሁ። አዎ እውነት ነው፣ ኦገስት 2023 ኦቪዬዶ ሲገባ በነፃ እጫወታለሁ ብሎ ነበር። ደንቡ በነፃ መጫወት ስለማይፈቅድ ዝቅተኛውን ደሞዝ ተቀበለ። ከስሙ ማሊያ ሽያጭም 10 በመቶው ለክለቡ ታዳጊዎች እንዲሆን አደረገ። ግን ለምን? ሰውዬው አስቱሪያስ ነው የተወለደው፣ ኦቪዬዶ አጠገብ፣ ያኔራ። በዚያ ክለብ ታዳጊ ቡድን ነው ያደገው። በ2003 ክለቡ በዕዳ ተዘፍቆ ለተጫዋቾቹ መክፈል አቅቶት ወደ አራተኛው እርከን ወረደ። ካዞርላ በ18 ዓመቱ፣ ለዋናው ቡድን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት፣ ወደ ቪያሪያል ሄደ። በ2012 ክለቡ ሊፈርስ ሲል አክሲዮን ለሕዝብ ሸጠ፤ ካዞርላም እንደ እሱ እዚያ ካደጉት ተጫዋቾች ከማታና ከሚቹ ጋር ገዝቷል። አለቃዬ ሆይ፣ እኛ የእርስዎን መሥሪያ ቤት ማሊያ ለብሰን አላደግንም። አክሲዮንም የለንም።

በዚያ ላይ ሰውዬው በትንሽ ደሞዝ የመጣው ከየት ነው? ቪያሪያል፣ ማላጋ፣ ለንደን፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ኳታር፣ አል ሳድ። እኔም ሦስት ዓመት ኳታር በእሱ ደሞዝ ሰርቼ ልምጣና ዝቅተኛውን እቀበላለሁ። አሁን ግን ዝቅተኛው ላይ ነው ያለሁት።

ኧረ መካከሉን ዘለልኩት፣ ደሜ ፈልቶ። በ2018 ቪያሪያል መልሶ ወሰደው። ሲያስተዋውቁት አስማተኛ ቀጥረው ከጭስ ውስጥ አወጡት። ገና በወራቱ ሪያል ማድሪድ ላይ ሁለት ጎል አገባ፣ 2 ለ 2። በ2019 ብሔራዊ ቡድን ተጠራ። ከዚያ በፊት ዩሮ 2008ን እና 2012ን በልቷል፣ የ2010ሩ ዓለም ዋንጫ በጉዳት አመለጠው። አዎ፣ ያኔም ጉዳት።

እና ጁን 21 ቀን 2025። ይሄን ያየሁት በስልኬ ነው፣ ኔትወርኩ በየደቂቃው እየቆመ። ካርሎስ ታርቲዬሬ ስታዲየም፣ ኦቪዬዶ ከሚራንዴስ፣ ወደ ስፔን ዋናው ሊግ፣ ላሊጋ፣ ለመግባት የመጨረሻዋ ትኬት። በመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 ተሸንፈዋል። ሜዳቸው ላይም ቀድሞ ተገባባቸው። ከዚያ ፍፁም ቅጣት ምት ተገኘ። ማን ሊመታ መጣ? የ40 ዓመቱ ሰውዬ። አገባት። ስልኬ እዚያ ላይ ቆመች፣ የምትሽከረከረዋ ክብ መጣች፣ እኔ ደግሞ ቆሜ ጣሪያ እያየሁ ነበር። ስትመለስ 2 ለ 1 ሆኗል። በጭማሪው ሰዓት 3 ለ 1። ኦቪዬዶ ከ24 ዓመት በኋላ ላሊጋ ገባ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ጮኽኩ፣ ጎረቤት ግድግዳ መታብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ስለዚያች ፍፁም ቅጣት ምት አንድ ሰው የጻፈልኝ መስሏችሁ ነው? የእህቴ ባል ነው የላከው። የተረከዙን ፎቶ። «አንተስ?»

አሁን ይህንን እየጻፍኩ እያለ አለቃዬ ሌላ መልእክት ላከ። ሰኞ «ለግማሽ ቀን እንኳ ብቅ በል» ይላል። የቬንገርን ውል ታሪክ ጽፌ መለስኩለት። ሁለቱ ጭረቶች ሰማያዊ ሆነዋል። መልስ የለም። ቢሯችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ከፋሲካ ጀምሮ አይሰራም።